አሮጌ ሳንቲም በኢንተርኔት ጨረታ ሲሸጥ የወለል ዋጋና ሪዘርቭ እንዴት ይወሰናል?

አሮጌ ሳንቲም በኢንተርኔት ሊሸጥ ያሰበ ሰው ፎቶግራፍ ከማንሣቱና መግለጫ ከመጻፉ በፊት ሊወስነው የሚገባ አንድ ቁጥር አለ፤ ይኸውም ከዚያ ዝቅ ካለ «ይቅርብኝ፣ ሳንቲሙ ቤቴ ይቀመጥ» የሚያሰኘው ዋጋ ነው። ይህን ቁጥር የወለል ዋጋ እንለዋለን። የወለል ዋጋ ለተጫራቾች ከሚታየው መነሻ ዋጋም ሆነ በጨረታ ገጾች ላይ ሪዘርቭ ተብሎ ከሚጠራው ስውር ዝቅተኛ ዋጋ የተለየ ነው። መነሻ ዋጋና ሪዘርቭ ወለሉን ለማስከበር የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ ብዙ ሻጮች ግን በቅድሚያ መሣሪያውን ይመርጡና ቁጥሩን በኋላ፣ ተጫራቹ ዋጋ መስጠት ከጀመረ ወዲያ ያስቡታል። ወለሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ተሰልቶ ሊቀመጥ ይገባል፤ ከተሰላ በኋላም በጨረታ ለሚሸጥ አብዛኛው ሳንቲም በግልጽ መነሻ ዋጋ ሆኖ ቢወጣ ይሻላል፤ ስውሩ ሪዘርቭ ለጥቂት ሳንቲሞች ብቻ የሚስማማ ነው።

ለምሳሌ የምንወስዳቸው በአሜሪካና በአውሮፓ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች እጅ የሚገኙትን ሳንቲሞች ነው፤ የኦስትሪያዋን እቴጌ የማሪያ ትሬዛን ጠገራ፣ የዳግማዊ ምኒልክን ብርና ክፍልፋዮቹን፣ 1936 ዓ.ም. የሚል ቀን ያለባቸውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች እንዲሁም የወርቅ መታሰቢያዎቹን። የአሠራር ምሳሌው ደግሞ ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት መሸጫና መጫረቻ ገጽ ነው፤ በተለይም የአሜሪካው ገጽ።

በእጅ ያለውን ሳንቲም ማወቅ

የወለል ዋጋ ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከስሌቱ ሳይሆን በሳንቲሙ ላይ የተጻፈውን ዓመት ከማመን ነው። ማሪያ ትሬዛ የሞተችበት የ1780 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ቀን የታተመበት ጠገራ ብር በዚያ ዓመት የተሠራ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። እቴጌይቱ ካረፉ በኋላ ይኸው ቀን ሳይለወጥ በቪየና፣ በሚላን፣ በቬኒስ ሲታተም ኖሯል፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር በተዘጋጀችበት በ1935 እ.ኤ.አ. በሮም፣ ቀጥሎም በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ታትሟል፤ የኦስትሪያ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ዛሬም ያትመዋል። ስለዚህ ተራውን ጠገራ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ» ብሎ ከፍ ያለ ወለል ማበጀት ዋጋ የለውም፤ ገዢው በልብሷ ላይ ባለው ጌጥ ዕንቁዎች፣ በንስሩ ጅራት ላባዎችና በጠርዙ ጽሑፍ ከየትኛው ማተሚያ ቤት እንደወጣ ይለያል። ቀደምት ወይም ብርቅ የሆነ ዕትም መሆኑ በባለሙያ ካልተረጋገጠ በቀር ወለሉ ከብሩ ማዕድን ዋጋ እምብዛም ሊርቅ አይገባም።

1936 ዓ.ም. የሚሉት የመዳብ ሳንቲሞችም እንዲሁ ናቸው። ቀኑ ሳይቀየር ለብዙ ዓመታት በፊላደልፊያ፣ በበርሚንግሃምና በለንደን ስለታተሙ ቁጥራቸው እጅግ ብዙ ነው፤ አንዱን የአንድ ሳንቲም ወይም የአምስት ሳንቲም መዳብ ለብቻው በጨረታ ማውጣት የመላኪያውን ክፍያ አይሸፍንም፤ በስብስብ መሸጥ ይሻላል። ከእነዚሁ መካከል ግን ጠርዙ ክብ የሆነው የሃያ አምስት ሳንቲም ጠርዙ ሞገድ ካለው የተለመደ ዓይነት ይልቅ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ፣ ሳጥን ሙሉ መዳብ በጅምላ ከመሸጥዎ በፊት እርሱን ፈልገው ለብቻው ያውጡት። ሃምሳ ሳንቲሙ ብር ስለሆነ የማዕድን ዋጋ አለው።

በምኒልክ ብር ላይ ደግሞ ዓመቱ በግእዝ ቁጥር መጻፉ ለአማርኛ አንባቢ ጥቅም ነው። በፓሪስ የታተመው ብር ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪ እና ፲፰፻፺፭ የሚሉ ቀኖች አሉት፤ ከእነዚህ የ1887ቱ ብርቅ ነው። ቁጥሩን ማንበብ የማይችል የውጭ አገር ሻጭ አንዳንድ ጊዜ ቀኑን አሳስቶ ያወጣል፤ ይህም ተመሳሳይ ሽያጭ ስንፈልግ ያሳስተናል። የ1895 ዓ.ም. ብር በአንዱ ገጽ 1895 ተብሎ፣ በሌላው 1903 ተብሎ ሊዘረዘር ይችላል። ሁለቱንም ቀኖች፣ የንጉሠ ነገሥቱንም ስም በላቲን ፊደል የሚጻፍባቸውን ልዩ ልዩ መንገዶች፣ «ብር» እና «ታላሪ» የሚሉትንም ስሞች እያፈራረቁ መፈለግ ይገባል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መባል አለበት። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች በእጅዎ ቢገኙ የመጀመሪያው ጥያቄ የወለል ዋጋ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ማውጣት ይከለክላል፤ ትልልቆቹ የጨረታ ቤቶችም የጥንት ሳንቲም ከየት እንደመጣ ሰነድ ይጠይቃሉ። ከየት፣ መቼና በምን ሕጋዊ መንገድ እንደወጣ የሚያስረዳ ማስረጃ የሌለው የአክሱም ሳንቲም ለሽያጭ ሊወጣ አይገባም።

የማዕድኑ ዋጋ

ለብርና ለወርቅ ሳንቲም ዝቅተኛው ወለል የማዕድኑ ዋጋ ነው። የምኒልክ ብር 28.075 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 835ቱ ንጹሕ ብር ነው። ይህ 23.4 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር ማለት ነው። ማሪያ ትሬዛም 28.07 ግራም ገደማ ሆኖ ከሺህ 833 ንጹሕ ብር ስላለው ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። አንድ የትሮይ አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ እያንዳንዳቸው የአውንስ ሦስት አራተኛ ያህል ንጹሕ ብር ይዘዋል። የዕለቱ የብር ዋጋ በአውንስ 40 ዶላር ነው ብንል የማዕድኑ ዋጋ 30 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሳንቲሙን ግን በሚዛን ላይ ያስቀምጡት፤ ብዙ ጊዜ በእጅ የዞረ ወይም ጠርዙ የተፋቀ ብር በሳንቲም መጽሐፍ ከተመዘገበው ክብደት ያንሳል። ክብደቱ በግልጽ ከራቀ ደግሞ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሳይመረመር ማውጣት አይገባም። ማዕድን የሚገዛ ነጋዴም ከዕለቱ ዋጋ ቅናሽ አድርጎ ስለሚከፍል፣ ትክክለኛው የማዕድን ወለል ነጋዴው በእጅዎ ሊሰጥዎ የሚስማማበት ገንዘብ ነው።

በትንንሾቹ ክፍልፋዮች ይህ ስሌት ትርጉም ያጣል። የምኒልክ ግርሽ 1.4 ግራም ብቻ ስለሆነች በዚያው የ40 ዶላር ዋጋ ማዕድኗ አንድ ዶላር ከሃምሳ ገደማ ነው፤ ሰብሳቢ የሚከፍላት ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለች ሳንቲም የወለሉ ምንጭ የሰብሳቢ ገበያ ነው።

በወርቅ ላይ ሁኔታው ተቃራኒ ነው። ለንጉሠ ነገሥቱ 75ኛ ዓመት የልደት በዓል በ1958 ዓ.ም. የወጣው የ200 ብር ወርቅ 80 ግራም የሚመዝን ሆኖ ከሺህ 900 ንጹሕ ወርቅ ስለሆነ 72 ግራም፣ ማለትም 2.31 አውንስ ወርቅ አለው። የወርቅ ዋጋ በአውንስ 100 ዶላር ከተንቀሳቀሰ የዚህ አንድ ሳንቲም ወለል 231 ዶላር ያህል ይነቃነቃል። ስለዚህ ለወርቅ ሳንቲም ወለሉን በቁጥር ሳይሆን በቀመር ይጻፉት፤ «የዕለቱ የወርቅ ዋጋ ሲባዛ በ2.31፣ ሲደመር ይህን ያህል በመቶ» ብለው ካስቀመጡ በየዕለቱ አዲስ ቁጥር ያገኛሉ። ለወራት ተዘርዝሮ የሚቆይና በቋሚ ዋጋ የወጣ ወርቅ ዋጋው ካልታደሰ የወርቅ ዋጋ በዘለለበት ሌሊት ከማዕድኑ በታች ሊሸጥ ይችላል፤ አንዳንድ ገዢዎችም ይህንኑ እየጠበቁ ገጹን ያስሳሉ።

የተሸጠበት ዋጋ እና የሚጠየቅበት ዋጋ

በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና ባሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች፣ በቴሌግራም ቡድኖችና በኢቤይ ላይ «ይህን ያህል ይላል» ተብሎ የሚወራው አብዛኛው ቁጥር የሚጠየቅ ዋጋ ነው። የሚጠየቅ ዋጋ ለወለል ማስረጃ አይሆንም፤ ማንም የፈለገውን ሊጠይቅ ይችላል። ኢቤይ ላይ በማጣሪያው ውስጥ «የተሸጡ» የሚለውን ብቻ መርጦ ያለፉትን 90 ቀናት ሽያጮች ማየት ይቻላል፤ ለሻጮች የተዘጋጀው የምርት ጥናት መሣሪያ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳል። ለኢትዮጵያ ሳንቲሞች ይህ ሁለተኛው ይበልጥ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በ90 ቀን ውስጥ የ1887 ብር አንድ ጊዜም ላይሸጥ ይችላል። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዋጋው ተሰርዞ (መስመር ተደርጎበት) የሚታይ ሽያጭ በድርድር የተሸጠ ስለሆነ የተከፈለው ከተጻፈው ያነሰ ነው።

ትልልቅ የጨረታ ቤቶች የቀድሞ ሽያጮቻቸውን ሰብስበው ያቀርባሉ፤ የአሜሪካው ሄሪቴጅ ኦክሽንስ ማኅደር በነጻ ምዝገባ ይታያል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በአሜሪካ ማኅደሮች የሚታየው ዋጋ ገዢው ለጨረታ ቤቱ ከጨረታው ዋጋ በላይ የሚከፍለውን ተጨማሪ ክፍያ የሚጨምር ሲሆን፣ ይህ ክፍያ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ክፍያው 20 በመቶ ከሆነ፣ 1,200 ዶላር ብሎ የተመዘገበ ሽያጭ በመዶሻ የጸናበት ዋጋ፣ ማለትም አሸናፊው በጨረታው ላይ የጠራው ዋጋ፣ 1,000 ዶላር ነው፤ ሻጩ ደግሞ ከዚያም ላይ የራሱን ኮሚሽን ሊከፍል ይችላል። በብዙ የአውሮፓ ማኅደሮች የሚታየው ግን መዶሻው የወረደበት ዋጋ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ አማካይ ማውጣት ወለሉን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል።

ሽያጮቹን ስታወዳድሩ ሁኔታቸው ከያዛችሁት ጋር መመሳሰል አለበት። በኢትዮጵያ ጠገራና የምኒልክ ብር በአንገት ሲንጠለጠሉ፣ በጌጥ ላይ ሲበየዱ ስለኖሩ፣ በአናታቸው ላይ የብየዳ ጠባሳ ያለባቸው ወይም የተበሱት እጅግ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለውን ብር ጠባሳ ከሌለው ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ ኤንጂሲና ፒሲጂኤስ የተባሉት ደረጃ ሰጪ ድርጅቶችም ጉዳት ላለበት ሳንቲም ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ቁጥር አይሰጡም፤ «ዝርዝሩ እንዲህ ያለ ነው፣ ነገር ግን ተጸድቷል» ወይም «ተበይዷል» ብለው ይመዘግቡታል። በሎሚና በአመድ የተወለወለም እንዲሁ ነው። የጠቆረው ብር እንደ ጠቆረ ቢቀርብ ለሰብሳቢው ይበልጥ ይጣፍጠዋል፤ ሻጩ ከመሸጡ በፊት ያጸዳው ሳንቲም ግን በዚያው ቀን ወለሉን ራሱ አሽቆልቁሏል።

በእነዚሁ ድርጅቶች ደረጃ አሰጥቶ ማሸግ ለግርሽና ለተራ ጠገራ አያዋጣም፤ ክፍያውና መላኪያው ተደማምሮ ከሳንቲሙ ሊበልጥ ይችላል። ጉዳት የሌለበት የ1887 ብር ወይም ገና ያልተነካ የወርቅ ስብስብ ላለው ሰው ግን ወለሉን ከመወሰኑ በፊት ማሳየቱ ተገቢ ነው።

የተገኙትን ሽያጮች በዋጋ ቅደም ተከተል ካስቀመጡ በኋላ ከላይ ያለውን አንዱን ይተዉት፤ ሁለት ሰዎች ተፎካክረው ያወጡት ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ ነገም ሁለቱ መኖራቸው እርግጥ አይደለም። መካከለኛው ዋጋ የገበያው ዋጋ ነው። ወለልዎ ከዚህ መካከለኛ ዋጋ በላይ ከሆነ ጨረታ ሳይሆን ምኞት ነው የያዙት። ከአያት የተወረሰ ብር ለቤተሰቡ የሚኖረው ዋጋ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ዋጋ የተጫራቹ ስላልሆነ እርሱን ወደ ወለሉ መደመር ሳንቲሙ ሳይሸጥ እንዲዞር ያደርገዋል። ልብ ካልቆረጠ ሳንቲሙን አለመሸጥ ነው።

ወጪውን ወደ ወለሉ መጨመር

ከገበያው ዋጋ በኋላ የሚመጣው ስሌት ብዙዎች ቸል የሚሉት ነው። ኢቤይ የሽያጭ ኮሚሽኑን የሚቆርጠው ከሳንቲሙ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ገዢው በአጠቃላይ ከከፈለው፣ ማለትም መላኪያውንና የሽያጭ ታክሱን ጨምሮ ነው። ስለዚህ «100 ዶላር በእጄ እንዲገባ እፈልጋለሁ፤ ኮሚሽኑ 13 በመቶ ነው፤ ስለዚህ 113 ላይ ልጀምር» የሚለው ስሌት ያጎድላል። በምሳሌ እንየው። ኮሚሽኑን 13 በመቶ፣ ገዢው የሚከፍለውንና እርስዎም የሚያወጡትን የመላኪያና የመድን ክፍያ 12 ዶላር፣ በገዢው ክፍለ ግዛት ያለውን ታክስ 8 በመቶ፣ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ ያለውን ቋሚ ክፍያ 0.40 ዶላር እናድርገው። ሳንቲሙ 113 ዶላር ቢሸጥ በእጅዎ የሚገባው 95 ዶላር ብቻ ነው። በእጅዎ 100 ዶላር እንዲገባ ሳንቲሙ 119 ዶላር ገደማ መሸጥ አለበት። የራስዎን ቁጥሮች አስገብተው ይህንኑ ይሥሩት፤ የኮሚሽኑ መጠን በየጊዜው ስለሚለወጥ በሚዘረዝሩበት ዕለት ያለውን የክፍያ ሰንጠረዥ ይመልከቱ።

በአሜሪካ ለሚኖር ሻጭ የሚቀጥለው የግብር ጉዳይ ነው። ሳንቲም በአሜሪካ ግብር ሕግ እንደ ስብስብ ዕቃ ስለሚቆጠር ከአንድ ዓመት በላይ ይዞት በሸጠው ላይ ያገኘው ትርፍ እስከ 28 በመቶ ሊደርስ የሚችል ግብር አለበት። የተወረሰ ሳንቲም ከሆነ መነሻው ወራሹ ያወጣው ገንዘብ ሳይሆን አውራሹ በሞተበት ጊዜ የነበረው የገበያ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ በዚያን ጊዜ የተደረገ ግምት ካለ ወረቀቱን ያቆዩት። ወለሉን ከግብር በኋላ በሚቀረው መሥራት የሚገባው በውድ ሳንቲሞች ነው፤ በሰላሳ ዶላር ጠገራ ላይ አያስፈልግም።

ወለሉን በምን ማስከበር?

አሁን ቁጥሩ ተጽፏል። በኢትዮጵያ የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው የጨረታ መነሻ ዋጋ በጋዜጣው ላይ በግልጽ ሲታተም አይቷል፤ ተጫራቹም ዋጋውን አውቆ ይመጣል። ለአብዛኛው ሳንቲም ተመሳሳዩን ማድረግ ነው የሚሻለው፤ ወለሉን ራሱን መነሻ ዋጋ አድርጎ መዘርዘር። መነሻው 119 ከሆነ የመጀመሪያው ተጫራች ወደ ሽያጭ ያስገባዎታል፤ ካልመጣም ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የመዘርዘሪያው ጊዜ ብቻ ነው። ተቃውሞው «ከፍ ያለ መነሻ ተመልካች ያርቃል» የሚል ነው፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚርቀው ሊገዛ ያልነበረው ነው።

ጨረታውን በ0.99 ዶላር መጀመር የሚባለው ዘዴ የሚሠራው ሰፊ ገበያ ባለው ሳንቲም ላይ ነው፤ በደረጃ ታሽጎ የሚሸጥ የሞርጋን ዶላር (የቆየ የአሜሪካ የብር ሳንቲም) በማንኛውም እሑድ ማታ ብዙ ተጫራች ስለሚያገኝ ዋጋው ወደ ትክክለኛው ቦታ ይወጣል። የኢትዮጵያን ሳንቲም በከፍተኛ ዋጋ የሚገዙ ሰብሳቢዎች ግን በዓለም ዙሪያ ጥቂቶች ናቸው፤ በዚያ ሳምንት ሁለቱ ካልታዩ የምኒልክ ብር በማዕድኑ ዋጋ ወይም ከዚያ በታች ሊሄድ ይችላል፤ ጨረታው ከተጠናቀቀ በኋላም ሻጩ አልሸጥም ሊል አይችልም። በኢቤይ ደንብ ያሸነፈ ዋጋ ውል ነው።

ሪዘርቭ የሚሠራው እንዲህ ነው። መነሻው ለምሳሌ 150፣ ስውሩ ሪዘርቭ 400 ዶላር ይሁን። ተጫራቹ ሪዘርቩ መኖሩንና አለመሟላቱን ያያል እንጂ ስንት እንደሆነ አያይም። ከፍተኛውን ዋጋ 450 ብሎ ያስገባ ተጫራች ወዲያውኑ ሪዘርቩ ላይ ይደርሳል፤ የሚታየው ዋጋም 400 ይሆናል፤ ሌላ ካልመጣ በ400 ያሸንፋል። ከፍተኛውን 380 ያስገባ ግን «ሪዘርቩ አልተሟላም» የሚል ምላሽ ያያል። ይህ ምላሽ ነው ጨረታውን የሚያዳክመው። ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች ዋጋቸውን በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የሚያስገቡ ናቸው፤ የማያውቁትን ግድግዳ ለመፈተሽ ግን ቀድመው መጫረት ስላለባቸው ብዙዎቹ ትተውት ይሄዳሉ። በኢቤይ ላይ ደግሞ ሪዘርቭ ማስገባት ሳንቲሙ ተሸጠም አልተሸጠም የሚከፈል ክፍያ አለው፤ እንደገና በተዘረዘረ ቁጥርም ክፍያው ይደገማል። በእኛ ማኅበራዊ ገጾች ላይ «ዋጋውን በውስጥ መስመር» እያሉ የሚለጥፉ ሻጮች ስንት ደንበኛ እንደሚያጡ ያየ ሰው የስውር ዋጋን ጉዳት አይስተውም።

ታዲያ ሪዘርቭ መቼ ይጠቅማል? የተሸጠ አምሳያ የማይገኝለት፣ ዋጋው ሊገመት የማይችል፣ ነገር ግን ቢያንስ ሁለት ቆራጥ ሰብሳቢዎች እንደሚፈልጉት የሚታወቅ ሳንቲም ሲሆን ነው፤ በጥሩ ሁኔታ ያለ የ1887 ብር ወይም የምኒልክ ወርቅ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ዝቅተኛው መነሻ ሰዎቹን ይሰበስባል፤ ሪዘርቩ ደግሞ ከአደጋ ይጠብቃል። ሪዘርቩ ግን የወለሉ ቁጥር ራሱ መሆን አለበት፤ «ምናልባት ቢሰጡኝ» የሚባለው ዋጋ መሆን የለበትም። ሪዘርቩ ስንት እንደሆነ ጠይቆ መልእክት ለላከ ቁም ነገረኛ ገዢም ቢነግሩት ይሻላል፤ የሚደብቁት ነገር ከወለሉ ጋር አንድ ከሆነ መናገሩ አይጎዳዎትም።

ሦስተኛው መንገድ ጨረታውን ትቶ በቋሚ ዋጋ መዘርዘርና የዋጋ ድርድር መክፈት ነው፤ ለኢትዮጵያ ሳንቲሞች ይህን መንገድ እመርጣለሁ። ገዢዎቹ ጥቂቶች ስለሆኑ በሰባት ቀን ውስጥ ሳይሆን በሦስት ወር ውስጥ ሊመጡ ይችላሉ። የሚጠየቀው ዋጋ ከወለሉ 15 ወይም 20 በመቶ ከፍ ይበል፤ ከወለሉ በታች የመጣ ቅናሽ ጥያቄ ያለ እርስዎ ጣልቃ ገብነት እንዲመለስ፣ ከተወሰነ ዋጋ በላይ የመጣው ደግሞ በራሱ እንዲጸድቅ ማድረግ ይቻላል። «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚል ገዢ አይጠፋም፤ ለእርሱ ተቃራኒ ሐሳብ ያቅርቡለት እንጂ የወለሉን ቁጥር በመጀመሪያው መልስ አይስጡት፤ ምክንያቱም የሰጡት ቁጥር ለእርሱ የድርድሩ መጀመሪያ ነው።

የወለሉን ዋጋ ለማስከበር ሲባል ዘመድ ወይም ወዳጅ ገብቶ እንዲጫረት ማድረግ ግን ፈጽሞ አይገባም። በኢቤይ ደንብ የተከለከለ ነው፤ መለያውን ያስዘጋል፤ በብዙ አገሮችም ማጭበርበር ነው።

በጨረታ ቤት ሲሸጥ

ለውድ ሳንቲም የጨረታ ቤትን መምረጥ ከሪዘርቭ ጉዳይ ጋር ይያያዛል። በአሜሪካ የንግድ ሕግ አንቀጽ 2-328 መሠረት ጨረታ «ያለ ሪዘርቭ ነው» ተብሎ በግልጽ ካልተነገረ በቀር እንደ ባለ ሪዘርቭ ይቆጠራል፤ ሻጩ ሳያስታውቅ በራሱ ዕቃ ላይ ቢጫረት ደግሞ ገዢው ሽያጩን ሊያፈርስ ይችላል። ዝርዝሩ ግን ከጨረታ ቤቱ ጋር በሚፈረመው ውል ይወሰናል። አንዳንድ ቤቶች ከተወሰነ ዋጋ በታች ለሆነ ሳንቲም ሪዘርቭ አይቀበሉም፤ አንዳንዶቹ ሪዘርቩ ሳይሟላ ሳንቲሙ ቢመለስ ሻጩን ያስከፍላሉ። በብዙ የአውሮፓ የሳንቲም ጨረታ ቤቶች ልማድ የመነሻው ዋጋ የግምቱ 80 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ ወለልዎ 800 ከሆነ ግምቱ ከ1,000 እንዳያንስ ይነጋገሩ። ከመፈረምዎ በፊት በእጅዎ የሚገባውን ገንዘብ፣ ማለትም ከመዶሻው ዋጋ የሻጭ ኮሚሽን፣ የፎቶግራፍና የመድን ክፍያ ተቀንሶ የሚቀረውን፣ ከኢቤዩ ስሌት ጋር ያወዳድሩት።

ሳይሸጥ ሲቀር

ጨረታው ያለ ተጫራች ከተጠናቀቀ ወለሉን ለመቀነስ አይቸኩሉ፤ በቅድሚያ ምን እንደተፈጠረ ይመልከቱ። ገጹን ያየው ሰው ጥቂት ከሆነ ችግሩ ዋጋው ሳይሆን ርእሱ ነው፤ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ስሙና ስያሜው በተለመዱት የላቲን አጻጻፎች ካልተጻፈ ሰብሳቢው ሊያገኘው አይችልም። ብዙ ሰው አይቶ፣ ብዙዎችም «ልከታተለው» ብለው ሳይጫረቱ ከቀሩ የመነሻው ዋጋ በትንሹ ከፍ ብሏል፤ መነሻው ከወለሉ በላይ ከነበረ ከ5 እስከ 10 በመቶ ዝቅ አድርጎ እንደገና መሞከር ይቻላል፤ ወለሉ እስኪነካ ድረስ ብቻ። ሪዘርቭ ያለው ጨረታ ሳይሟላ ከቀረ ኢቤይ ለከፍተኛው ተጫራች ሁለተኛ ዕድል እንድታቀርቡለት ይፈቅዳል፤ ያቀረበው ዋጋ ከሪዘርቩ በጥቂት ብቻ የሚያንስ ከሆነ እንደገና ከመዘርዘርና ክፍያውን ከመድገም መቀበሉ ሊያዋጣ ይችላል፤ ስሌቱን በድጋሚ ሠርተው ይወስኑ።

የመጨረሻው ሁኔታ አሸናፊው ሳይከፍል ሲቀር ነው። አራት ቀን ካለፈ በኋላ ሽያጩን ሰርዘው ለሁለተኛው ተጫራች ሊያቀርቡለት ይችላሉ። የእርሱ ዋጋ ከወለሉ በላይ ከሆነ ያቅርቡለት፤ በታች ከሆነ ግን ሳንቲሙን በዚያው በመጀመሪያው መነሻ ዋጋ እንደገና ይዘርዝሩት።